መለከት ዝም ያለች ጊዜ

ነገሩ በሰላም ስላለቀ ዛሬ ባልና ሚስቱ እየተቀባበሉ ያወሩታል። ያኔ ግን ሳቃቸው ከጥርስ አያልፍም ነበር።

ሴትዮዋ የሁለተኛ ክፍል አስተማሪ ናት። የሥራ ባልደረቦቿ «መለከት» ይሏታል፤ ስሙን ያወጣላት ድምፅዋ ነው። ክፍሏ ውስጥ ሆና «እጅ ወደ ላይ!» ስትል ከግድግዳው ወዲያ ያሉት የሦስተኛ ክፍል ልጆች እጃቸውን ያነሣሉ እየተባለ ይቀለድባታል። እውነትም አንድ ጊዜ አንሥተዋል። ድምፅዋ እንዲህ የጎለመሰው ግን በማስተማር ብቻ አይደለም። ባሏ አናጺ ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ ከመጋዝ ማሽን ጋር ሲጯጯህ የኖረ ሰው በመሆኑ ጆሮው ከብዷል። «ሻይ ልቅዳልህ?» ስትለው እንኳ ቀድሞ የሚሰማው ጎረቤት ነው። አንዳንዴም ጎረቤትየው ከአጥሩ ወዲያ «አዎ፣ ቅጂለት!» ብሎ ይመልስላታል።

የትምህርቱ ዓመት ከተጀመረ ብዙም ሳይቆይ ይህ ድምፅ መሻከር ጀመረ። ጉንፋን ነው ብላ ናቀችው። ማር ላሰች፣ ዝንጅብል አፍልታ ጠጣች፣ አንገቷን በሻርፕ ጠቀለለች። ድምፁ ግን እየሳሳ፣ እየሳሳ ሄደና አንድ ቀን ጠዋት ስም ስትጠራ ከአፏ ነፋስ ብቻ ወጣ። ልጆቹ አዲስ ጨዋታ መስሏቸው እነሱም በሹክሹክታ «አቤት» አሉ።

የጉሮሮ ሐኪሙ በቀጭን ካሜራ ውስጧን አይቶ «የድምፅ አውታርዎ ላይ ትንሽ እባጭ አለች። እናወጣትና ለምርመራ እንልካታለን» አላት።

«ምርመራው ለምንድን ነው?» አለች እንደምንም።

«ክፉ ነገር አለመሆኑን ለማረጋገጥ ነው። አሁን ስለሱ አያስቡ።»

አታስብ የተባለ ሰው ሌላ ምን ያስባል? እናቷን የወሰደው ያው ክፉ በሽታ፣ ካንሰር ነበር። ለማንም ግን አልተናገረችም። እባጯ በሰላም ወጣች። ሐኪሙም ቁስሉ እስኪድን አንድ ቃል እንዳትናገር፣ ሹክሹክታማ ጨርሶ እንዳይሞከር አስጠነቀቃት። የላቦራቶሪው ውጤት ሲደርስ በስልክ እንደምትጠራ ነግሮ አሰናበታት።

ወደ ቤት ሲመለሱ ባሏ ከሐኪሙ ንግግር የያዘው ግማሹን ነበር። የቀረውን በወረቀት ጽፋ አስነበበችው። አነበበ፣ ትንሽ አሰበና «ዝምታ ወርቅ ነው ይላሉ፤ እንግዲህ ሀብታም ልንሆን ነው» አላት። ትከሻውን መታችው። ከዚያ እጇን ያዘ፤ ቤታቸው እስኪደርሱም አልለቀቀም። 

ትምህርት ቤት ስትመለስ ርእሰ መምህሩ ቢሮው ጠራት። በዕድሜ ከእሷ የሚያንስ፣ ሰው ማስቀየም የማይወድ ሰው ነው።

«እትዬ፣ ድምፅዎ እስኪመለስ ቤተ መጻሕፍት ይቀመጡ። ክፍሉን ለሌላ ሰው እንሰጣለን» አላት።

ለእሷ አዝኖ ነው። እሷ ግን መጻሕፍት መካከል ተጎልታ ያንን ውጤት ስትጠብቅ ታያትና ልቧ ወለቀ። እጇ ሥራ ከፈታ ሐሳብ ጨርሶ እንደሚበላት ታውቃለች። ከአንገቷ ያንጠለጠለቻትን ትንሽ ሰሌዳ አነሣችና በጠመኔ «ክፍሌን አይውሰዱብኝ» ብላ ጻፈች።

ርእሰ መምህሩ ራሱን አከከ። «ልጆቹ እኮ ገና ሁለተኛ ክፍል ናቸው። ሳይነገራቸው በምን ይማራሉ?»

«በእጃቸው» ብላ ጻፈች። እንዴት እንደሚሆን ግን እሷም አታውቅም። የጨነቀው ሰው የሚለው አያጣም፤ እሷም የመጣላትን ጻፈች።

«እንግዲያው የወረዳው ሱፐርቫይዘር ለጉብኝት እስኪመጣ እንሞክረው። እሱ ካልተስማማ ግን አይቀየሙኝ» አለ።

የዚያ ሰሞን ትምህርት የቁጥር ቤቶች ነበር፤ የአንድ ቤት፣ የአስር ቤት፣ የመቶ ቤት። መለከት ይህን ትምህርት ታስተምር የነበረው በዜማ ነው። እሷ «የአንድ ቤት!» ትላለች፣ ልጆቹ ጣሪያው እስኪነቃነቅ ይቀበሏታል። አሁን ዜማ የለም። ሰሌዳው ላይ በፊደል «ሠላሳ አምስት» ብላ ጻፈችና በአሃዝ እንዲጽፉት በእጇ አሳየቻቸው። በዴስኮቹ መካከል ስትዘዋወር የክፍሉ እኩሌታ «305» ብሎ ጽፎ አገኘችው። ልጆቹ ያነበቡትን ነው የጻፉት፤ ሠላሳን አስቀመጡ፣ ከጎኑ አምስትን ለጠፉ።

ከልጆቹ መካከል ሁሉን ነገር «ለምን?» ስለምትል «ለምን» የሚል ቅጽል ስም የወጣላት አንዲት ሴት ልጅ አለች። የእሷም ደብተር ላይ 305 ተኮፍሷል። መለከት በቀይ ሰርዛ 35 ብላ ስትጽፍላት ልጅቷ ቀና አለችና «ለምን?» አለች። አስተማሪዋ አፏን ከፈተች። የሐኪሙ ማስጠንቀቂያ ትዝ ሲላት መልሳ ዘጋችው። ልጅቷ የተሰረዘውን ቁጥር እያየች ከንፈሯን ጣለች።

በማግስቱ የ«ለምን» እናት መጣች። ፀጉር ሠሪ ናት፤ ምላሷም እንደ መቀሷ ስለት አለው።

«እኔ በእርስዎ አልጨክንም፤ እግዜር ይማርዎት» አለች በሩ ላይ ቆማ። «ግን ልጄ እቤት መጥታ ‹ቲቸር አትናገርም› ስትለኝ ምን ልበላት? የማይናገር አስተማሪና የማይቆርጥ መቀስ አንድ አይደሉም?»

መለከት ሰሌዳዋን አነሣች።  ሴትዮዋም ሰሌዳውን ስታይ ደንግጣ «ይቅርታ» ብላ ሄደች፤ ይህ ደግሞ ከስድብ ይልቅ አመማት።

ያን ዕለት ከሥራ ስትወጣ እግሯ ወደ ባሏ ወርክሾፕ ወሰዳት። መጋዙ ይጮኻል፣ የእንጨቱ ብናኝ በመስኮቱ ብርሃን ውስጥ ይንሳፈፋል። ከማሽኑ ሥር ከክፈፍና ከበር የተረፉ፣ እንደ እርሳስ የቀጠኑ ስንጥሮች ተከምረዋል። በርጩማ ስባ ተቀመጠችና ሐሳቧን ለመርሳት ያህል ትቆጥራቸው ጀመር። መሐል ላይ ጠፋባት። እንደገና ጀመረች፣ አሁንም ጠፋባት። በመጨረሻ አስር በሞላ ቁጥር ለብቻ ለብቻ እየከመረች ስትሄድ እጇ ድንገት ቆመ። እኔ አዋቂዋ ሳልከፋፍል መቁጠር ካቃተኝ ልጆቹ ምን ያድርጉ? ብላ አሰበች። አስርን በጆሯቸው ሰምተውታል እንጂ በዓይናቸው አይተውት፣ በእጃቸው ጨብጠውት አያውቁም።

ባሏን እጅጌውን ጎትታ መጋዙን አስጠፋችና «እነዚህን እኩል አድርገህ ቁረጥልኝ» ብላ ጻፈች።

«ምን ያህል?»

«ክፍል የሚሞላ።»

«አጥር ልታጥሪ ነው?» አለ። ሆኖም ለምን እንደሆነ ሳይጠይቅ መቁረጥ ጀመረ። ቆርጦ ሲጨርስም አልሰጣትም፤ እያንዳንዱን ስንጥር ጫፉን በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሰው። «የልጅ እጅ ነው የሚይዘው፤ እሾህ እንዳይወጋቸው» አለ። ከአሮጌ የብስክሌት ጎማ ካላማዳሪም ቀለበት ቀለበት የሆነ ላስቲክ ቆረጠላት።

በማግስቱ ስንጥሩን የሞላችበትን ማዳበሪያ አዝላ ክፍል ስትገባ ሥሩ ተቀደደና ስንጥሩ ሁሉ ወለሉ ላይ ተዘረገፈ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ። ልጆቹ በሳቅ ፈነዱ፤ ወዲያውም ለመልቀም ተራወጡ። እያንዳንዱ የቻለውን ያህል ታቅፎ ሲመለስ መለከት ሰሌዳው ላይ «ስንት ስንት አላችሁ?» ብላ ጻፈች።

ያ ክፍል ገበያ ሆነ። ሁሉም ጮክ ብሎ ይቆጥራል፣ አንዱ የሌላውን ቁጥር ያጠፋል። «ሃያ ስድስት፣ ሃያ ሰባት… ቲቸር፣ አጠፋብኝ!» «አንተ ነህ ያጠፋህብኝ!» ቀድሞ ቢሆን በአንድ ጩኸት ጸጥ ታደርጋቸው ነበር። አሁን ከመሐላቸው ወለሉ ላይ ቁጭ አለችና ከራሷ ስንጥሮች አስር ቆጥራ በላስቲክ አሰረች። ሌላ አስር ቆጠረች፣ አሰረች። አንድ ሁለቱ አይተው እንደሷ አደረጉ። ቀጥሎ የጎናቸው ልጆች ተከተሉ። ጫጫታው እየበረደ ሄደ። አሁን ቁጥር የሚጠፋበት ልጅ ቢኖር እንኳ የሚጠፋበት ከአስር በታች ነው፤ የታሰረው የትም አይሄድም።

ከዚያ ጠመኔ ይዛ ወለሉ ላይ ጣሪያና በር ያላቸው ሦስት ቤቶች ሣለች። በስተቀኝ የአንድ ቤት፣ መሐል ላይ የአስር ቤት፣ በስተግራ የመቶ ቤት። በቀኙ ቤት ደጃፍም «ከዘጠኝ በላይ መኖር ክልክል ነው» ብላ ጻፈች።

ልጆቹ ስንጥሮቹን አንድ በአንድ ወደ ቀኙ ቤት ያስገቡ ጀመር። ዘጠኝ ሆኑ። አንድ ልጅ አስረኛውን ይዞ ደጃፉ ላይ ቆመና ጽሑፉን አንብቦ ግራ ገባው። መለከት ላስቲክ ሰጠችው። ልጁ አሰበ፤ አስሩንም ሰብስቦ አሰረና አንድ አድርጎ ወደ መሐለኛው ቤት አዛወራቸው። ይሄኔ «ለምን» ተነሥታ «ቤት ለእንቦሳ!» ብላ ጮኸች። ክፍሉ በአንድ አፍ «እንቦሳ እሰሩ!» አለ። ከዚያ ወዲያ አስር በታሰረና ቤት በተለወጠ ቁጥር ያለዚህ ምርቃት የሚያልፍ አልነበረም።

ሠላሳ አምስትን ሲሠሩ ሦስት እስር በአስር ቤት፣ አምስት ነጠላ በአንድ ቤት ተቀመጡ። ከየቤቱ ሥር የቁጥር ካርድ አኖሩ፤ 3 እና 5።

«ለምን» ወገቧን ይዛ ካርዶቹን አየች። «የሠላሳው ዜሮ የት ሄደ?»

ከኋላዋ የነበረው ልጅ «አምስቶቹ ተቀመጡበታ!» አላት። «ዜሮ እኮ አንድ ቤት ውስጥ ማንም ከሌለ ነው። አሁን ሰው መጣ።»

«ለምን» ሄዳ ደብተሯን አወጣችና 305ን በራሷ እጅ ሰረዘችው። መለከት ፊቷን ወደ ሰሌዳው አዙራ በመሐረብ ዓይኗን ጠረገች፤ ልጆቹ ጠመኔ የገባባት መሰላቸው።

ቀናት ሲያልፉ እስሮቹ አስር እየሞሉ በከረጢት ይገቡ፣ ከረጢቱም አንድ መቶ ተብሎ ወደ ግራው ቤት ይሄድ ጀመር። አንድ ጠዋት መለከት ሆን ብላ ሦስት ከረጢት በመቶ ቤት፣ አምስት ነጠላ በአንድ ቤት አኖረች። መሐለኛውን ባዶ ተወችው።

«የአስር ቤት ማንም የለበትም» አለ አንዱ።

«ታዲያ ማንም ከሌለበት ለምን አናፈርሰውም?» አለች «ለምን»፤ እንዳለችውም በእጇ ጠመኔውን ልታጠፋ ጎንበስ አለች።

ያ ከኋላዋ የሚቀመጠው ልጅ ዘሎ እጇን ያዘ። «ተይ! ከፈረሰማ ከረጢቶቹ ወደዚህ ተጠግተው የአስር ቤት ሊሆኑ ነው። ሠላሳ አምስት ነው የምንሆነው!»

«ለምን» ቀና አለች። ሦስቱን ከረጢቶች አየች፣ ባዶውን ቤት አየች። «እሺ፣ ይቁም። ግን በሩ ላይ ዜሮ እንጻፍበት፤ ሌላ ሰው መጥቶ እንዳያፈርሰው» አለች።

መለከት ምላሷን እያሳከካት ነበር። ድምፅ ቢኖራት ከልጁ ቀድማ ትመልስ እንደነበር ታውቃለች። ከንፈሯን ነክሳ በመጠበቋ ግን ጆሮዋ በሕይወቱ ሰምቶት የማያውቀውን ሰማ፤ ልጆች እርስ በርስ ሲያስተምሩ። በዚያ ሰዓት ስለ ላቦራቶሪው ውጤት አንዴም አለማሰቧ የታወቃት ደወል ሲደወል ነው።

ሱፐርቫይዘሩ የመጣው በዚያው ሰሞን ነበር። መነጽር ያደረገ፣ የማይስቅ ሽማግሌ ነው። ከርእሰ መምህሩ ጋር ኋላ ተቀምጦ ሲያይ ቆየና ተነሥቶ ወደ ቤቶቹ ቀረበ። ሁለት ከረጢት የመቶ ቤት ውስጥ አስቀመጠ።

«ነይ እስቲ» አላት «ለምን»ን። «ከዚህ አንድ ስንጥር አምጪልኝ።»

«ለምን» ወደ አንድ ቤት ሄደች፤ ባዶ ነው። ወደ አስር ቤት ሄደች፤ እሱም ባዶ። ርእሰ መምህሩ ከረባቱን ነካካ። መለከት እጆቿን ከኋላዋ ጠምዝዛ ያዘች፤ በምልክት እንኳ ላለመርዳት። ልጅቷ ወደ መቶ ቤት ዞረች። ከዚያ አንዱን ከረጢት ፈታችና አስሩን እስር የአስር ቤት ውስጥ ደረደረች። ከእነሱ አንዱን አንሥታ ላስቲኩን አወለቀች፣ ነጠላዎቹን የአንድ ቤት ውስጥ በተነቻቸውና አንዷን መዝዛ ለሽማግሌው ሰጠች።

«ስንት ቀረ?» አላት።

በየቤቱ ደጃፍ እየቆመች አየች። «አንድ… ዘጠኝ… ዘጠኝ። መቶ ዘጠና ዘጠኝ!»

«ጎበዝ! ማን አስተማረሽ?»

«ማንም። ቲቸር እኮ አትናገርም።»

የርእሰ መምህሩ ፊት አመድ መሰለ። ያ የማይስቅ ሽማግሌ ግን መነጽሩን አውልቆ እስኪያነባ ሳቀ። ወደ መለከት ዞሮም «እትዬ፣ ቢናገሩም ባይናገሩም ከዚህ ክፍል የሚያስወጣዎት የለም» አላት። ርእሰ መምህሩ የታመቀ ትንፋሹን እፎይ ብሎ ለቀቀ፤ መለከትም በርጩማ ፈልጋ ተቀመጠች።

ከትንሽ ቀን በኋላ የ«ለምን» እናት እንደገና በሩ ላይ ቆመች። መለከት ሰሌዳዋን አነሣች።

«ምን አድርገውብኝ ነው?» አለች ሴትዮዋ። «ልጄ የሱቄን የፀጉር መጠቅለያ ቢጎዲን ሁሉ አስር አስር አድርጋ በፀጉር ላስቲክ አሰረችብኝ! ደንበኛ ተቀምጣ ‹ስንት ቢጎዲን ትፈልጊያለሽ፣ ሁለት እስር ከአራት ነጠላ ይበቃሻል?› ትላታለች።» ከዚያ ሳቋ መጣ፤ አጎንብሳም የመለከትን ጉንጭ ሳመች። «ያኔ የተናገርኩትን ይርሱት። ፀጉርዎን መሠራት ሲፈልጉ ይምጡ፤ እኔው ነኝ የምሠራዎት።»

የቀረው አንድ ነገር ነበር። ሆስፒታሉ የደወለው አንድ ከሰዓት በኋላ ነው። መለከት ስልኩን አነሣች፤ ነርሷ «ሄሎ? ሄሎ?» ትላለች፣ እሷ መናገር አትችልም። ሮጣ ለባሏ ሰጠችው። እሱ ደግሞ አይሰማም። «ማን? ከየት? ውጤቱ ምን ሆነ?» እያለ ይጮኻል። ሲዘጋው ላብ አጥምቆታል። «ነገ ኑ አለች። ሌላም ነገር ብላለች፤ አልሰማሁትም» አላት። ይህች «ሌላ ነገር» ነበረች እንቅልፋቸውን የነሣቻቸው።

በነጋታው ሐኪሙ ወረቀቱን ዘርግቶ አነበበና ቀና አለ። «ንጹህ ነው። ምንም ክፉ ነገር የለበትም። ለነርሷ ይህን እንድትነግርዎ ነግሬያት ነበር።»

መለከት ዓይኗን ጨፈነች። ባሏ የሐኪሙን አፍ አፍ እያየ «ምን አለ? ምን አለ?» ይላል።

«ደህና ናት!» ብሎ ጮኸ ሐኪሙ። ድምፁ ኮሪደሩ ድረስ ተሰማ፤ ውጭ ተራ ከሚጠብቁት አንዲት የማያውቋቸው ሴት «እሰይ!» አሉ። ባሏ ቆቡን አውልቆ ፊቱን ሸፈነበት።

«አሁን ቀስ ብለው አንድ ነገር ይበሉ» አላት ሐኪሙ።

ጉሮሮዋን ፈራችው። ከዚያም ዝግ ባለ፣ የሌላ ሰው በሚመስል ወፍራም ድምፅ ባሏን «ተነሥ፣ እንሂድ» አለችው። አልሰማትም፤ ግን ተነሣ።

ከዚያ ወዲያ እንዳትጮህ ሐኪሙ አጥብቆ ስለነገራት፣ ባሏ ለዓመታት «የሽማግሌ ዕቃ ነው» እያለ እምቢ ያለውን የጆሮ ማዳመጫ በዚያው ሳምንት አስገጠመ። መጀመሪያ የሰማው የጎረቤቱን ንግግር ነበርና «ይሄ ሰውዬ ሁልጊዜ እንዲህ ነው እንዴ የሚለፈልፈው?» አለ። ክፍል ውስጥ መለከት አሁን የምትናገረው በለሆሳስ ነው፤ ልጆቹ ሊሰሟት ሲሉ ራሳቸው ጸጥ ይላሉ። የሦስተኛ ክፍሏ አስተማሪም መጥታ ስንጥርና ላስቲክ ተውሳ ሄደች። ስሟን ግን የቀየረላት የለም፤ አሁንም መለከት ናት።

ውጤቱን በሰማችበት ቀን ግን ይህ ሁሉ ገና ነበር። ከሆስፒታል ሲመለሱ ቀትር ሆኗል። ባሏ ሾርባ ሊያሞቅ ወደ ማድ ቤት ሲገባ እሷ ጫማዋን ሳታወልቅ አልጋው ላይ ጋደም አለች፤ ለጥቂት ደቂቃ ብላ ነበር። ስትነቃ ፀሐይዋ አዘቅዝቃለች፣ ጫማዋ ወልቆ አልጋው ሥር ተቀምጧል፣ ብርድ ልብስ ለብሳለች። ሾርባው ቀዝቅዟል። ውጤቱን ስትጠብቅ ለሳምንታት እህል አልወርድ ያላት ሴት ተነሥታ ሳታሞቀው ጠጣችው፤ ድስቱን አዘንብላም ደገመች።